ሁለት ሄክታር ሳር ላለው ሰው፦ ድርቆሹን ራስ ማሰር፣ ማሳሰር ወይስ ሳሩን በቁሙ መሸጥ?

በትርፍ ጊዜው ድርቆሽ ለማምረት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ከትራክተር ይጀምራል። ያገለገለ ትራክተር ያያል፣ ማጨጃ ያፈላልጋል፣ ርካሽ ቤለር (የደረቀውን ሳር ጠቅጥቆ በእስር በእስር የሚያስር ማሽን) ሲያገኝ ደግሞ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ሒሳቡን የሚሠራው ከግዢው በኋላ ነው። የሚያዋጣው ግን ተገላቢጦሹ ነው። በመጀመሪያ መሬቱ በዓመት ስንት እስር ድርቆሽ እንደሚሰጥ ይታወቅ፤ ቀጥሎ ማሽኑ፣ ጉልበቱና ማከማቻው ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደሚበሉ ይቆጠር።

ሒሳቡን በገንዘብ ሳይሆን በእስር መሥራት እመርጣለሁ። የነዳጅም የድርቆሽም ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ ከቦታ ቦታም ይለያያል። አንድ ቤለር የ800 እስር ዋጋ ያወጣል ሲባል ግን የሁለት ሄክታር መሬትዎን የሁለት ዓመት ምርት ሙሉ እንደሚወስድ ወዲያው ይታይዎታል። ይህ ንጽጽር ከአንድ እስከ አምስት ሄክታር ገደማ መሬት ላለውና እንጀራው በሌላ ሥራ ለሆነ ሰው የተጻፈ ነው።

መሬቱ ምን ይሰጣል?

ማዳበሪያ ያላየ ተራ የሳር መሬት በዓመት ከ2 እስከ 4 ቶን ድርቆሽ በሄክታር ይሰጣል። በደንብ የተያዘና የተዳበረ ከሆነ ከ5 እስከ 8 ቶን ሊደርስ ይችላል። በመስኖ የሚለማ አልፋልፋ በዓመት ብዙ ጊዜ ስለሚታጨድ ከ10 ቶን በላይ ይሄዳል፤ ግን እሱ ሌላ ዓለም ነው። ለዚህ ጽሑፍ 4 ቶን እንያዝ።

በእጅ የሚነሣው ትንሹ አራት ማዕዘን እስር ከ15 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። 20 ኪሎ ብንል አንድ ቶን 50 እስር፣ ሄክታሩ 200 እስር፣ ሁለት ሄክታር ደግሞ 400 እስር ይሆናል። መጠኑን ለመገመት ያህል፦ 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ሌላ መኖ ከሌለው በቀን 10 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይበላል። በዓመት 180 እስር ግድም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሄክታሩ ሁለት ፈረስ ቀልቦ ጥቂት ያተርፋል። ከዚህ ብዙ የሚጠብቅ ሰው ሒሳቡን ሳይጀምር ተሳስቷል።

በቁሙ መሸጥ

ሳሩን ሳይታጨድ ለሌላ ሰው መሸጥ ቀላሉ መንገድ ነው። ማሽን የለም፣ መጋዘን የለም፣ የዝናብ ሥጋትም የገዢው ነው። ገቢው በዚያው ልክ ትንሽ ነው። በአንዳንድ አገር መሬት ለእርሻ ከዋለ የመሬት ግብሩ ስለሚቀንስ፣ የግብሩ ቅናሽ ከሳሩ ሽያጭ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከመሸጥዎ በፊት የአካባቢዎን ሕግ ይጠይቁ። የዚህ አማራጭ ስውር ወጪ አፈሩ ውስጥ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በእኩል መስጠት

ማሽን ያለው ሰው መጥቶ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ያስራል፤ ከዚያ እስሮቹን ትካፈላላችሁ። ግማሽ በግማሽ የተለመደ መነሻ ነው፤ ሳሩ ጥሩ ከሆነ ሠሪው በሲሶም ሊስማማ ይችላል፣ አረም ከበዛበት ደግሞ ሁለት እጅ ይጠይቃል። ከብት ወይም ፈረስ ላለው ሰው ይህ ከሁሉም የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድም ገንዘብ ሳያወጡ ከ400 እስር 200ውን ያገኛሉ።

ስምምነቱ ግን በቃል ብቻ አይቅር። አጨዳው ከመሬት ስንት ጣት ከፍ ይላል? ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢተው ሳሩ ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ቆርጦ የሚላጭ ሰው ዘንድሮ ጥቂት እስር ይጨምራል፣ የሚከፍለው ግን የሚቀጥለው ዓመት ሳር ነው። መሬቱ ረጥቦ ሳለ ትራክተር ይገባል ወይስ አይገባም? የታጨደው ሳር ዝናብ ቢመታው ኪሳራው የማን ነው? ክፍፍሉ ማሳው ላይ ቆጥሮ ይሁን ወይስ ከተጫነ በኋላ? እነዚህ አራቱ ከተጻፉ አብዛኛው ጠብ ከመነሻው ይቀራል።

ተከራይቶ ማሠራት

በገንዘብ ከፍሎ ማሠራት ከእኩሉ የሚለየው ምርቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ በመሆኑ ነው። ዝናብ ቢያበላሸውም ኪራዩ አይቀርም፤ ያ ደግሞ የእርስዎ ኪሳራ ነው። ዋጋው በሄክታር፣ በሰዓት ወይም በእስር ሊሆን ይችላል። በእስር መክፈል ለትንሽ ባለ መሬት ይሻላል፤ ምርቱ ካነሰ ክፍያውም ያንሳልና። አንዳንድ ባለ ማሽን ግን ለትንሽ ማሳ ዝቅተኛ ክፍያ ያስቀምጣል፤ ትራክተሩን አጓጉዞ ለ100 እስር መምጣት አያዋጣውም።

የሁለቱም መንገድ እውነተኛ ችግር ተራ መጠበቅ ነው። ሳር በታጨደበት ሰዓት ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። አንድ ቶን ድርቆሽ ለማግኘት ከ2 ቶን በላይ፣ አንዳንዴም 3 ቶን ያህል ውሃ በፀሐይና በነፋስ መውጣት አለበት። ለዚህ እንደ አየሩ ከ3 እስከ 5 ደረቅ ቀን ያስፈልጋል። ሰማዩ የከፈተለት ሳምንት ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ሁሉ ነው፤ ባለ ማሽኑ በቅድሚያ የራሱን ያጭዳል፣ ቀጥሎ 40 ሄክታር ያለውን ደንበኛውን፣ ሁለት ሄክታር ያለዎት እርስዎ ከኋላ ይሰለፋሉ። ተራዎ ሲደርስ ሳሩ አብቦ፣ ዘር ይዞ፣ አገዳው ጠንክሯል። ክብደቱ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ የፕሮቲኑ መጠንና የመፈጨት አቅሙ ግን ወርዷል። የተሻለው ጊዜ ሳሩ ዛላ ሊያወጣ ሲል ወይም ማውጣት ሲጀምር ነው።

የራስ ማሽን

ሰዎች የራሳቸውን ማሽን የሚገዙበት ምክንያት ሲጠየቁ ትርፍ ይላሉ። በዚህ የመሬት ስፋት ትርፍ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በቁጥር ላሳይ። የሚከተሉት የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው፤ በራስዎ ይተኳቸው።

ያገለገለ ትራክተር፣ ማጨጃ፣ መበተኛ፣ ረድፍ ማውጫና ቤለር በአንድ ላይ 3,000 እስር ያወጣሉ እንበል። ከ10 ዓመት በኋላ በ1,000 እስር ቢሸጡ በዓመት 200 እስር በእርጅና ይሄዳል። ጥገናና መለዋወጫ 60 እስር፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ያስገኝ የነበረው ደግሞ 100 እስር ይሁን። ድምሩ 360 እስር ነው፤ ያውም አንድ ሳር ሳይታጨድ። ነዳጅ፣ ሲባጎና ቅባት ከእያንዳንዱ እስር 15 በመቶ ይውሰዱ። ከ400 እስር ላይ 60 ለዚህ፣ 360 ለቋሚው ወጪ ሲቀነስ 20 እስር ዕዳ ይቀራል። ጉልበትዎ አልተቆጠረም። በእኩል ቢሰጡት 200 እስር በእጅዎ ነበር።

ልዩነቱ 220 እስር ነው። እኔ ይህን ኪሳራ አልለውም፤ የመዝናኛ ወጪ ነው። ትራክተር መንዳት የሚወድ፣ ቅዳሜውን በዘይት እጁን አቆሽሾ ማሳለፍ የሚያስደስተው ሰው ለዚህ ቢከፍል ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ ወጪውን ከራስና ከቤተሰብ ደብቆ ንግድ ነው ማለቱ ላይ ነው።

መሬቱ ስንት ሲሆን ይመጣጠናል? ከእኩል ጋር ሲነጻጸር በየእስሩ ያለው ብልጫ 35 በመቶ ነው፤ 360ን ለማካካስ 1,030 እስር ገደማ ያስፈልጋል። በ200 እስር ሲካፈል ከ5 ሄክታር ጥቂት ያልፋል። ኪራዩ ከምርቱ 40 በመቶ ብቻ የሚወስድበት ቦታ ላይ ደግሞ ወደ 7 ሄክታር ይወጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሙሉ ምርት የሚሰጥ ማሳ ካለ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ሳሩን ማሻሻል ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ማሽን ከመግዛት ይቀድማል።

ማሽኑ በእርግጥ የሚገዛው ነገር ጊዜ ነው። ሳሩ በደረሰበት ቀን አጭዶ፣ በደረቀበት ሰዓት ማሰር መቻል። በሰዓቱ የታሰረ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ያልረገፈ ድርቆሽ የተሻለ ዋጋ ካለው፣ ሒሳቡ ላይ መግባት ያለበት ይኸው ብልጫ ነው። ገዢዎ በኪሎ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ግን ብልጫው ዜሮ ነው።

ጎረቤት ተሰብስቦ ቤለር በጋራ ቢገዛስ? ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ለማጨጃና ለማዳበሪያ መበተኛም ይሠራል። ለቤለር ግን የሁሉም ሳር የሚደርቀው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጥቁር ደመና ሲመጣ የማን ማሳ ይቅደም የሚለው ካልተወሰነ ጉርብትናውንም ያበላሻል። ተራው በጽሑፍ፣ በየዓመቱ እየዞረ ከሆነ ብቻ እሞክረዋለሁ።

መካከለኛው መንገድ ማጨጃና ረድፍ ማውጫ ገዝቶ ቤለሩን መከራየት ነው። ሁለቱ ማሽኖች ቀላል ናቸው፣ ብልሽታቸው ትንሽ ነው፣ አጨዳውን በራስዎ ቀን ይጀምራሉ። ባለ ቤለሩም ሳሩ በወፍራም ረድፍ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው በአንድ ሁለት ሰዓት ጨርሶ ይሄዳል፤ አጭር ሥራ ደግሞ ተራ ለማግኘት ይቀላል። አደጋው ሳሩ ደርቆ ሰውየው የቀረ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ሳይደውሉለትና ቀኑን ሳያረጋግጡ አያጭዱ። ከ2 እስከ 5 ሄክታር ላለው ሰው ምርጫዬ ይህ ነው።

በእጅ

ከአንድ ሄክታር በታች ያለው ሰው ይህን አይናቅ። ረጅም እጀታ ባለው የቁም ማጭድ የለመደ ሰው በቀን እስከ 0.4 ሄክታር ያጭዳል፣ ያውም ጤዛው ሳይለቅ በማለዳ፤ እርጥብ ሳር ለስለት ይቀላል። ወጪው ማጭዱ፣ መሳያው፣ መንሹና ላብዎ ነው። ችግሩ ቦታ ነው፦ ያልታሰረ ድርቆሽ ከታሰረው ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህም ለሽያጭ አይመችም፣ ለራስ ፍየሎችና በጎች ግን ይበቃል።

በመሃል ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር አለ፤ የጥርስ ማጨጃና ትንሽ ክብ ቤለር ይገጠምለታል። ለዳገትና ለጠባብ ማሳ ግሩም ነው፣ አዲሱ ግን ከትልልቆቹ አሮጌ ማሽኖች ሊወደድ ይችላል።

ትንሽ አራት ማዕዘን ወይስ ትልቅ ክብ?

ትልቁ ክብ እስር የመጣው ጉልበት ለመቆጠብ ነው፤ ጋሪ ቬርሚር እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ሲያወጣው ዓላማው አንድ ሰው ብቻውን ድርቆሹን እንዲጨርስ ነበር። ይህ ዓላማ ተሳክቷል። 20 ትናንሽ እስር የሚሆነውን አንዱ ይይዛል፣ ማንም አይሸከምም። ግን ለማንሳት ትራክተር ያስፈልጋል፤ ገዢዎ ሁለት ፈረስ ያለው፣ በመኪናው ጀርባ ስድስት እስር ጭኖ የሚሄድ ሰው ከሆነ ክቡን አይፈልገውም። ትንሹ እስር በኪሎ ሲሰላ የሚወደደውም ለዚህ ነው። በተቃራኒው እያንዳንዱን ትንሽ እስር ከማሳ ማንሳት፣ መጫን፣ ማውረድና መደርደር አለ፤ 400 እስር 8 ቶን ነው፣ እያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በእጅ ያልፋል። ረዳት ከሌለ ይህን በቁም ነገር ያስቡበት።

ክቡ ውጭ ሊያድር ይችላል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያስከፍላል። ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ክብ እስር ዙሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢበሰብስ፣ የተበላሸው ከጠቅላላው 36 በመቶ ነው። ስፋቱ 1.2 ሜትር ከሆነ 44 በመቶ ይደርሳል። ላይ ላዩን ሲያዩት ስስ ልጣጭ ይመስላል። እንግዲህ ከአሥር እስር አራቱን ለዝናብ እየገበሩ መጋዘን ተወደደ ማለት አያስኬድም። ጣሪያ መሥራት ባይቻል እንኳ ከመሬት በእንጨት ወይም በጠጠር ከፍ አድርጎ በሸራ መሸፈን ኪሳራውን በእጅጉ ይቀንሳል።

እርጥበት

ትንሹ እስር ከ18 እስከ 20 በመቶ እርጥበት በታች፣ ትልቁ ክብ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ከ15 እስከ 18 ሲሆን ነው መታሰር ያለበት። ከዚያ በላይ ከታሰረ ውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል፤ የሻገተ ድርቆሽ አቧራው የፈረስን ሳንባ ይጎዳል። ብሶ ከጋለ በራሱ ይቃጠላል። ብዙው እሳት የሚነሣው ከታሰረ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ የክምሩን ሙቀት በብረት ቱቦ ውስጥ ቴርሞሜትር አውርዶ መለካት ይበጃል። 65 ዲግሪ ካለፈ በየሰዓታቱ ይታይ፤ 80 ከደረሰ ክምሩን ለማፍረስ አይሞክሩ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይደውሉ።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ማይክሮዌቭ ይበቃል። ከረድፉ ከላይም ከታችም ቆንጥረው 100 ግራም ይመዝኑ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አብረው አስገብተው በአጭር በአጭር ያሙቁት፣ በየመሃሉ ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም የጠፋው ግራም መጠኑ በመቶ የእርጥበቱ መጠን ነው፤ 82 ግራም ከቀረ 18 በመቶ። ማሳ ላይ ደግሞ አገዳውን በጥፍር ይፋቁት፤ ልጣጩ ከተነሣ ገና ነው።

አፈሩ የሚከፍለው

ከማሳ የወጣ እያንዳንዱ ቶን ድርቆሽ 20 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን፣ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ፎስፌትና ከ20 ኪሎ ያላነሰ ፖታሽ ይዞ ይሄዳል። ሁለቱ ሄክታር በዓመት 160 ኪሎ ፖታሽ ይሸጣሉ ማለት ነው። ከብት የሚግጥበት መሬት አብዛኛውን በፍግ መልሶ ያገኛል፤ ድርቆሹ የሚሸጥበት ግን አያገኝም። ሳሩን በቁሙ ለረጅም ዓመት የሸጠ ሰው ማሳው ሲሳሳ፣ አረም ሲወርሰው የሚያየው ለዚህ ነው። በየሦስት ዓመቱ አፈሩን ያስመርምሩ፣ የማዳበሪያውን ዋጋም በእስር ይቁጠሩት። በእኩል ሲሰጡ ማዳበሪያውን ማን እንደሚገዛ ውል ላይ ይግባ። ከሳሩ ጋር አልፋልፋ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ቢዘራ ናይትሮጅኑን በከፊል ራሱ ያመጣል፤ ፖታሹን ግን አያመጣም።

ለመግዛት ከወሰኑ

ትራክተሩ አያስቸግርም፤ ለትንሽ ቤለር 35 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃል፣ ዳገት ካለ ይጨምሩ። ልብ የሚያወልቀው ቤለሩ፣ በተለይም ቋጠሮ ሠሪው ነው። ምንቃር የሚመስል ብረት ሲባጎውን ጠምዝዞ ይይዛል፣ ቢላው ይቆርጣል፣ ሁሉም በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ምንቃሩ ቢዝግ ወይም ቢላው ቢደነዝ እስሩ ከኋላ ፈርሶ ይወድቃል።

ስለዚህ ሻጩን ሞተሩ ጠፍቶ የቤለሩን ከባድ መዘውር በእጅ አዙርልኝ ይበሉት። ማሰሪያውን በእጅ ሲያስነሡት መርፌዎቹ ከምንም ሳይነካኩ ወጥተው መመለስ አለባቸው፣ ሁለቱም ምንቃሮች እኩል መዞር አለባቸው። የመግፊያውን ቢላና ከጎኑ ያለውን ቋሚ ቢላ ይዩ፤ እጅግ ከተራራቁ እስሩ ጎኑ የተጨፈጨፈ ይሆናል። ሆን ተብሎ እንዲቆረጥ የተሠራው መከላከያ ብሎን በጠንካራ ብሎን ተተክቶ ካገኙት ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ቀድሞ የሚቆረጠው ነገር ሳይኖር ውድ የሆነው ክፍል ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው፤ ሽፋን ከሌለው ሽፋኑን በዋጋው ላይ ቆጥረው ይግዙ እንጂ ያለ ሽፋን ሥራ አይጀምሩበት። ሳር ቢወተፍበትም ትራክተሩ ሳይጠፋ እጅ አይገባም።

ከዚያ በቃጫም ሆነ በፕላስቲክ ሲባጎ፣ ሊጠቀሙበት ባሰቡት ዓይነት፣ እውነተኛ ሳር ላይ አሥር እስር ያሠሩት። ሻጩ ይህን ለማድረግ ሰበብ ካበዛ ወይም ሳር የለም ካለ፣ ዋጋውን የአሮጌ ብረት ዋጋ አድርገው ይነጋገሩ።